ኤክስኤልዲ አጋር፦ ሳልሞኔላ ፍለጋ ላይ ከእጄ የማይጠፋው ሚዲያ

የምግብ ናሙና ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም? የዘወትር ሥራዬ ይህን መመለስ ነው። ከምሠራባቸው ሚዲያዎች (የባክቴሪያ ማሳደጊያዎች) አንዱን ብቻ ምረጪ ቢሉኝ ኤክስኤልዲን አነሳለሁ።

አሜሪካዊው ማይክሮባዮሎጂስት ዌልተን ቴይለር በ1965 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርገው በዋናነት ሺጌላ የተባለውን ሌላ ባክቴሪያ ለመያዝ ነበር። ዛሬም የሳልሞኔላ ምርመራ ያለ እሱ አይታሰብም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሚዲያውን ዱቄት በውኃ በጥብጦ ማፍላት፣ ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበርድ ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ ማፍሰስ። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) ውስጥ እንዳታስገቡት! ሙቀት ከበዛበት ይዘቅጣል። በደንብ የተሠራ ፕሌት (ሚዲያው የረጋበት ሳህን) ጥርት ያለ ቀይ ነው።

የምወድለት ቀለሙን ነው። ውስጡ ያለው ፌኖል ሬድ የተባለ ቀለም አሲድ ሲነካው ቢጫ ይሆናል። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሚዲያው ውስጥ ያለውን ስኳር ተጠቅሞ አሲድ ያወጣና ዙሪያውን ቢጫ ያደርገዋል። ሳልሞኔላ ግን ዛይሎዝ የተባለውን ስኳር ሲጨርስ ላይሲን ወደተባለው አሚኖ አሲድ ይዞራል፤ አሲዱ ይጠፋና ቀዩ ይመለሳል። የሚያወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ደግሞ ሚዲያው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተገናኝቶ የኮሎኒውን (አንድ ላይ ያደገውን የባክቴሪያ ክምር) መሐል ያጠቁረዋል። ጠዋት ኢንኩቤተሩን (ፕሌቱ በሙቀት የሚያድርበትን ሳጥን) ከፍቼ ያንን ጥቁር ነጥብ ሳይ ልቤ ይመታል። ያ ምግብ ሰው ሊበላው የነበረ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ሁሉም ሳልሞኔላ አይጠቁርም፤ ፓራታይፊ ኤ የተባለው የሳልሞኔላ ዓይነት ብዙውን ጊዜ መሐሉ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሚጠቀሙት የሳልሞኔላ ዝርያዎች ቢጫ ሆነው ከኢ. ኮላይ ጋር ይምታታሉ። ፕሮቲየስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ቦታው ጠቁሮ ያስደነግጣል። የሳልሞኔላ ምርመራ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይሶ 6579-1 ከኤክስኤልዲ ጎን በሌላ ባሕርይ የሚለይ ሁለተኛ ሚዲያ የሚያዘው ያለ ነገር አይደለም። ማረጋገጫ ምርመራውም አይቀርም።

ለቸኮለ ሰው አይሆንም። 25 ግራም ናሙና በ225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውኃ (ባክቴሪያን የሚመግብ ፈሳሽ) ያድራል፣ ከዚያ ሳልሞኔላን የሚያበዛ ማበልጸጊያ ብሮዝ (ፈሳሽ ሚዲያ) ውስጥ ሌላ ቀን፣ ከዚያ ፕሌቱ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት። የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚፈልገው ፒሲአር ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ግን ኮሎኒ በእጄ አያስቀምጥልኝም። ኮሎኒው ከሌለ ዓይነቱን በሴረም መለየት፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መፈተሽ አይቻልም።

የምትገዙ ከሆነ ትንሹን ዕቃ ውሰዱ፤ ዱቄቱ እርጥበት ይስባል፣ ከተጓጎለ አለቀለት። አዲስ ባች ባፈሰስኩ ቁጥር የታወቀ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ እዘራበታለሁ። ሳልሞኔላው ካልጠቆረ ባቹን እንዳለ እጥለዋለሁ።