ግሎቶሎግ፦ ለዝምድና ማጣሪያ እንጂ ለተናጋሪ ቆጠራ አይሆንም

የአገራችንን ቋንቋዎች ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሟዊና ናይሎ-ሰሃራዊ ብሎ የተማረ ሰው ግሎቶሎግን፣ የዓለም ቋንቋዎችን በዝምድና የሚመድበውን ድረ ገጽ፣ ሲከፍት ግር ይለዋል። «ኦሟዊ» የሚባል ቤተሰብ የለም። ወላይትኛ፣ ጋሞኛና ካፊኖኖ ባንድ ቤተሰብ፣ ዲዚና ሸኮ በሌላ፣ አሪና ሐመር በሌላ ተመድበዋል፤ የማኦ ቋንቋዎችም ለብቻቸው ናቸው። ናይሎ-ሰሃራዊም ፈርሷል፦ ጉሙዝ ራሱን ችሏል፣ ሻቦ ደግሞ ዘመድ አልባ ተብሏል።

የድረ ገጹ ብልሽት አይደለም። ድረ ገጹን የሚያዘጋጁት በላይፕዚግ፣ ጀርመን ያለው የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ዝምድናን የሚቀበሉት በቂ ማስረጃ ሲቀርብላቸው ብቻ ነው። የቋንቋዎቹ ተለያይቶ መመደብ ዝምድናቸው «አልተረጋገጠም» ማለት እንጂ «ዘመድ አይደሉም» ማለት አይደለም። ሌላው የቋንቋዎች መረጃ ድረ ገጽ ኤትኖሎግ ኦሟዊን በአፍሮ-እስያዊ ሥር ያደርጋል፤ ለተማሪ ይቀላል፣ ለተመራማሪ ግን የግሎቶሎግ ጥብቅነት ይበልጣል።

ፍለጋው ላይ በስም ከመድከም ለእያንዳንዱ ቋንቋ በተሰጠው ባለ ሦስት ፊደል ዓለም አቀፍ መለያ (ISO 639-3) መግባት ይሻላል፤ ወላይታ ብቻ እንኳ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል! የግሎቶሎግ የራሱ መለያ አራት ፊደልና አራት አኃዝ ሲሆን ለዘዬና ለቤተሰብም ጭምር ይሰጣል፤ የሦስት ፊደሉ ለዘዬ አይወርድም። የአማርኛን ገጽ ብትከፍቱ ከሴማዊ ተነስቶ በደቡብ ኢትዮ-ሴማዊ በኩል እስከ አርጎብኛ ጉርብትናው ድረስ ያለው ሐረግ ይታያል። ከሥሩ ያለው የጽሑፍ ዝርዝር ግን የድረ ገጹ ዋና ሀብት ነው፦ ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላት፣ የቃላት ዝርዝር እያለ በዓይነት ስለሚለይ ስለ አንድ ቋንቋ ምን እንደተጻፈ ወዲያው ይታወቃል።

ጉድለቱም አለ። የተናጋሪ ቁጥር አይሰጥም። ካርታው ላይ አንድ ቋንቋ አንድ ነጥብ ብቻ ስላለው ወሰን ልስልበት የሚል ይሳሳታል። የዘዬ ዝርዝሩ ከሌላው ክፍል ይልቅ ደካማ ነው፣ ሳያጣሩ አለመጥቀስ ነው። የድረ ገጹን የመረጃ ፋይል አውርዶ ቤተሰብ ለሚቆጥር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ የምልክት ቋንቋዎች፣ ፒጂኖች (የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪዎች ለመግባባት የፈጠሯቸው ቅልቅል ቋንቋዎች)፣ ሰው ሠራሽ ቋንቋዎችና ሊመደቡ ያልቻሉት ለአያያዝ ሲባል እንደ ቤተሰብ ተደርድረዋል። እነሱን ሳያወጡ መቁጠር ውጤቱን ያበላሻል።

ኤትኖሎግ አብዛኛውን መረጃውን በክፍያ ሲያደርግ ግሎቶሎግ ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ በነጻ ነው። ስትጠቅሱ የእትሙን ቁጥር ጻፉ፤ ምደባው ከእትም እትም ይቀየራል።