ለደብረ ብርሃኑ ሰዓት ሠሪ ምስጋና፣ የጠላቂ ሰዓት ቀለም ለምትመርጡም ጥቆማ

ጤና ይስጥልን ወገኖች።

ደብረ ብርሃን ላይ ሰዓት የሚሠሩ አንድ ባለሙያ አሉ። ስማቸው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን፤ ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንጠቁማለን። ጥገናቸውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ የምናመሰግናቸው ስለ ምክራቸው ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ኦሜጋን የመሰለ ውድ የጠላቂ ሰዓት (ውኃ ውስጥ ለሚጠልቅ ሰው የተሠራ) ሊልክለት ሆኖ «ዳያሉ (የሰዓቱ ፊት) ጥቁር ይሁን፣ ሰማያዊ ወይስ ነጭ?» የሚል ሰው ሲመጣ ሥራቸውን አስቀምጠው ያማክሩታል፤ ለዚህም አምስት ሳንቲም አይቀበሉም።

በስልክ ፎቶ ቀለም አያስመርጡም። መሳቢያቸው ውስጥ ከአሮጌ ሰዓት የወለቁ ዳያሎች አሉ፦ አንጸባራቂ ጥቁር፣ ድብዝዝ ጥቁር፣ ከመሃል ወደ ዳር የተቦረሸ ሰማያዊ፣ ነጭ። በመቆንጠጫ እየያዙ መጀመሪያ በር ላይ ፀሐይ ያስመቷቸዋል፣ ከዚያ ወደ ጥላው ያስገቧቸዋል፣ በመጨረሻ አምፖል ሥር ያሳዩአቸዋል። ጉድ የሚሠራው ሰማያዊው ነው። ከተማችን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው፤ የተቦረሸ ሰማያዊ ያኔ ቦግ ብሎ ይፈካል። ቤት ውስጥ ወይም ጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ ግን ያው ዳያል ከጥቁር አይለይም። መቀያየሩን የወደደ ይውሰደው። ሁሌ አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው ሴራሚክ ዳያል ቢይዝ ይሻለዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታደሰው ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ሜትር ዳያሉ ሴራሚክ ነው፤ ሞገዶቹም በሌዘር የተቀረጹ ናቸው። የሴራሚክ ቀለም ከራሱ ከቁሱ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። የድሮዎቹ ቅብ ጥቁር ዳያሎች ግን በፀሐይ ወደ ቡናማ የሄዱ ብዙ ናቸው።

ነጭ ስትመርጡ ማየት ያለባችሁ ቆጣሪውን (ሰዓትና ደቂቃ የሚጠቁመውን ዘንግ) ነው። ቆጣሪዎቹ ጥቁር ከሆኑ ወይም ጥቁር ጠርዝ ካላቸው ነጭ ዳያል በደንብ ይነበባል፤ ብርማ ቆጣሪ ግን ፀሐይ ሲመታው ነጩ ላይ ይጠፋል። ብርቱካናማም አለ፦ ዶክሳ የሚባለው የሰዓት አምራች በ1967 እ.ኤ.አ. ብርቱካናማ ዳያል ያወጣው ውኃ ውስጥ እንዲነበብ ነበር። ውኃ ቀድሞ የሚውጠው ቀይን ስለሆነ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ጥቂት ሜትር ጠለቅ ሲባል ይጠቁራል። (የእኛ አገር ሰው ሰዓቱን አስሮ የሚገባው ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ነውና ይኼ ብዙም አያሳስብም።)

ጥቁር ለንባብ ከሁሉም ይቀላል። ነገር ግን አንጸባራቂ ጥቁር መስታወቱ ነጸብራቅ የሚከላከል ልባስ ከሌለው ሰዓት ሳይሆን የራስህን ፊት ያሳይሃል። ደግሞም ሲከፈት ምሕረት የለውም፤ ነጭ ላይ የማይታይ ብናኝ ጥቁር ላይ ይጮኻል፣ የጣት አሻራም እንዲሁ። የጋሼ እጅ የሚለየው እዚህ ነው። ጣታቸው ላይ ቀጭን የጎማ ቆብ ያጠልቃሉ፤ ቆጣሪ ሲነቅሉ ማንሻው ዳያሉን እንዳይቧጭር ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ ያነጥፋሉ፤ ከመዝጋታቸው በፊት በአየር መንፊያ ነፍተው፣ መብራቱን አጋድለው በማጉያ መነጽር ዙሪያውን ይቃኛሉ። አንድ ነጥብ አቧራ ካዩ ሮዲኮ በሚባለው ለስላሳ ማንሻ ያነሷታል። በአፍ እፍ የሚል ሠሪ ካያችሁ ሰዓታችሁን ተቀበሉት፤ ምራቅ ዳያል ላይ ምልክት ይተዋል።

በጨለማ የሚያበራውን ቀለም የሚፈትኑት ብርሃን ካስጠገቡት በኋላ ወዲያው አይደለም። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሁሉንም ታስመስላለች። ሩብ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ አቆይተው ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይነበብ እንደሆነ ያያሉ፤ ርቀቱ የጠላቂ ሰዓት መስፈርት የሆነው አይሶ 6425 የሚጠይቀው ነው። ኦሜጋው ላይ የደቂቃው ቆጣሪና የተሽከርካሪ ቀለበቱ ነጥብ አረንጓዴ፣ የቀረው ሰማያዊ ያበራል።

የቀን ቁጥሩ ነገር ደግሞ ለብዙ ሰው አዲስ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ቀኑ የሚዞረው ወይ ማታ 12 ሰዓት ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ይሆናል። ማታ የሚዞር ከሆነ ከቀኑ 9 እስከ ማታ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በፈጣን ማስተካከያው አትንኩ፤ ማርሹ ተያይዞ ሳለ ከተገፋ ብዙ ማሽን ላይ ጥርስ ይሰበራል። ጥቁር ዳያል የምትመርጡም የቀኑ ሰሌዳ ጥቁር መሆኑን እዩ፤ ነጭ መስኮት ዓይን ይስባል።

ውኃን በተመለከተ ሁሌ የሚያሳስቡት መሙያው (ጎኑ ላይ ያለው የሚዞረው ቁልፍ) እስከ ጥጉ መጠምዘዙን ነው፤ 300 ሜትር የሚችል ሰዓት መሙያው ላልቶ ከገባ የጠበሉንም አይችልም። በከፈቱ ቁጥር የጀርባውን ጎማ ያዩታል፣ ደርቆ ከሆነ ይቀይራሉ፣ ሲሊኮን ቅባትም በስሱ ይቀባሉ። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወደ ጣርማ በር ብርድ ስትወጡ መስታወቱ በውስጥ በኩል ካላበው እርጥበት ገብቷልና ሳይውል ሳያድር ውሰዱላቸው፤ ከቆየ ቆጣሪውም ማሽኑም ይዝጋል።

ለዘመድ ስትልኩ «ሰማያዊው» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ ጋሼ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ነው ወረቀት ላይ ጽፈው የሚሰጡት። ለኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ሜትር በብረት ማሰሪያ 210.30.42.20.01.001 ጥቁሩ ነው፣ 210.30.42.20.03.001 ሰማያዊው፣ 210.30.42.20.04.001 ነጩ። ማሰሪያው ጎማ ከሆነ 30 የነበረው 32 ይሆናል፣ 42ቱ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።