ለሥነ ልቦና አማካሪዬ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በሃይማኖት ስም ከደረሰብኝ ጉዳት እንዳገግም የረዱኝን፣ በፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ በአደባባይ ላመሰግናቸውና ተመሳሳይ ሥቃይ ላለባችሁ ልጠቁማቸው እወዳለሁ።

እዘወትርበት በነበረው የጸሎት ስብስብ (ስሙን አልጠቅስም) የመንፈስ ጭንቀቴ «የዘር እርግማን ነው» ተብሎ በማይክሮፎን ታውጆብኛል፤ በሕዝብ ፊት ተገፍትሬ ወድቄአለሁ፤ ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት መዋጥም የእምነት ማነስ ነው ተብያለሁ። ከዚያ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ድምፅ ማጉያ በሰማሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ሌሊትም ገሃነም እየታየኝ እባንን ነበር።

አማካሪዬ በመጀመሪያው ቀን ስለ እምነቴ ምንም ሳያነሡ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤና ራሴን ለመጉዳት አስቤ እንደሆነ ጠየቁኝ። አብጄ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምርመራ መመሪያ ሃይማኖታዊና መንፈሳዊ ችግር እንደ በሽታ ሳይሆን የባለሙያ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ሆኖ መስፈሩን አስረዱኝ። ከዚያም የምፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስጽፈውኝ፣ የተቀዳ ስብከት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከማዳመጥ ጀምረን፣ ሰውነቴ እስኪረጋጋ እየጠበቅን ደረጃ በደረጃ ተለማመድን፤ ባልቻልኩበት ቀን አላስገደዱኝም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን እምነቴን ሊነጥቁኝም ሊመልሱልኝም ስላልሞከሩ ነው። ፍርሃቱን ከእምነቱ የመለየቱን ሥራ ለእኔ ትተው፣ የማቆየውንና የምተወውን ራሴ እስክወስን ታገሡኝ። ለዓመታት ሲታዘዝ ለኖረ ሰው ሌላ አዛዥ መጨመር ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያውቅ ባለሙያ ብርቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ጸበል ይሻላል ብላ መድኃኒቱን ልታስቆመኝ በፈለገች ጊዜም፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማሳሰባቸውን በአክብሮት ነገሯት። ዛሬ የመድኃኒቴን ሰዓት የምታስታውሰኝ እናቴ ናት።

አማካሪዬ መድኃኒት አያዙም፤ ሲያስፈልግ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልካሉ። ስማቸውና አድራሻቸው በይፋ እንዳይለጠፍ ስለጠየቁኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ግን የእኔንም መልስ ሆነ የእርሳቸውን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂድ፤ ብቻውንም አትላኩት።