አር32 ወይስ አር33? የስካይላይን ጂቲ-አር ገዢ የቱን ይምረጥ

የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ስፖርት መኪና ሁለት ትውልዶች የሆኑትን የአር32ን እና የአር33ን ኮፈን ብትከፍቱ የምታገኙት ያንኑ አርቢ26 ሞተር ነው፦ 2,568 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ፣ በወረቀት 280 የፈረስ ጉልበት። በወረቀት ማለቴ የጃፓን አምራቾች ከዚያ በላይ ላለመጻፍ ተስማምተው ስለነበር ነው። ካምቢዮውም የሁለቱም ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ በጉልበት ማማረጥ አይቻልም።

በውድድር ታሪክ ግን አይገናኙም። በ1989 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣው አር32 የተወለደው ለግሩፕ ኤ፣ ማለትም ከገበያ መኪኖች ተሻሽለው ለሚሠሩ መኪኖች ውድድር ነው። በሕጉ የቱርቦ ሞተር ሲሲ በ1.7 ይባዛል፤ 2,568 ሲባዛ 4,366 ይመጣል፣ ከ4,500 ጣሪያ በታች ማለት ነው። ሞተሩ የተለካው ለዚህ ነበር። ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን ሻምፒዮና 29 ጊዜ ተወዳድሮ 29ኙንም አሸነፈ። በ1991 ቤልጅየም ውስጥ የሚካሄደውን የስፓ 24 ሰዓት ውድድር ወሰደ። በአውስትራሊያው የባተርስት ውድድር ደግሞ ጂም ሪቻርድስና ማርክ ስካይፍ በ1991 እና በ1992 አሸነፉበት። በሁለተኛው ዓመት ውድድሩ በዝናብ ተቋርጦ ድሉ ሲሰጣቸው ሕዝቡ ጮኸባቸው፤ ሪቻርድስም መድረክ ላይ ቆሞ መልሶ ሰደባቸው። በቀጣዩ ዓመት አውስትራሊያ ሕጉን ለውጣ ይህን መኪና ከሜዳ አስወጣችው።

አር33 በ1995 በፈረንሳዩ የ‘ለ ማን’ 24 ሰዓት ውድድር 10ኛ ወጥቷል። ለገበያ የቀረበው በአራቱም ጎማ ሲገፋ ያ የውድድር መኪና ግን የሚገፋው በኋላ ጎማ ብቻ ነበር፤ ሻጩ በዚያ ታሪክ ዋጋ ቢሰቅልባችሁ አትስሙት።

ለመንዳት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። አር33 በፊትና በኋላ ጎማ መካከል በ105 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ወደ 100 ኪሎ ይከብዳል፤ በፍጥነት ሲነዱት ግን የተረጋጋ ነው። ኒሳን አር33 በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ የውድድር መንገድ አር32ን በ21 ሰከንድ እንደበለጠ አስተዋውቋል። ብሬምቦ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ፍሬን በሁሉም አር33 ጂቲ-አር ላይ አለ፤ አር32 ያገኘው በ1993 ቪ-ስፔክ በተባለው ዓይነት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አር32 የምትገዙ ከሆነ የዘይት ፓምፑን ጠይቁ፦ ፓምፑን የሚያዞረው የክራንክ ሻፍት ጫፍ ጠባብ ስለነበር ፓምፑ ይሰበራል፣ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። በሁለቱም ላይ ሾኩ የሚታሰርበትን ቦታ ለዝገት በባትሪ አብሩበት።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ሁለቱም 25 ዓመት ስላለፋቸው በፌዴራል ሕግ ይገባሉ፤ ካሊፎርኒያ ግን የራሷ የጭስ ሕግ አላት። እኔ ለማስቀመጥ አር32ን፣ ለመንዳት አር33ን እገዛ ነበር።