ዘጠኝ ወር ከኤስፕሬሶ ማሽኔ ጋር

ማሽኑን ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ስኒ አወጣበታለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ በላይ። ስለዚህ አሁን ስለሱ ባወራ የምታመን ይመስለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ከክሬማው፣ ማለትም ከቡናው አናት ላይ ካለው አረፋ ፎቶ ሌላ ምንም አታገኙም ነበር።

ስሙን አልጠራም። የማወራው ስለ ዓይነቱ ነው፦ አንድ ቦይለር (ውሃ ማሞቂያ)፣ 58 ሚሊሜትር ወንፊት፣ ከጎኑ አንድ የእንፋሎት ቱቦ። ጋጂያ ክላሲክን ወይም ራንቺሊዮ ሲልቪያን የምታውቁ ከሆነ የእኔም የዚያው ቤተሰብ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ስድስት ሳምንት ያህል ሳወዳድር ከረምኩ። ሠንጠረዥ ሁሉ ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ዓምድ ምን ነበር መሰላችሁ? ባር፣ የግፊት መለኪያው። ካርቶኑ ላይ 15 ባር፣ 20 ባር ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ሳይ ቁጥሩ የበዛው ይበልጣል ብዬ ደመደምኩ። ፓምፑ ያን ያህል መግፋት አይችልም እያልኩ አይደለም፤ ይችላል። ግን ኤስፕሬሶ የሚወጣው 9 ባር አካባቢ ነው። ፋኤማ እ.ኤ.አ. በ1961 ኢ61 የሚባለውን ማሽን ሲያወጣ ቀድሞ በእጅ ማንሻ ይሠራ የነበረውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰጠው፤ 9 ባርም ከዚያ ወዲህ እንደ ልክ ተቆጥሮ ቀረ። የተረፈው ግፊት ጥቅም የለውም። ጥሩ ማሽን ውስጥ ትርፉን ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚመልስ ቫልቭ አለ፤ ከሌለው ውሃው በቡናው ላይ ስንጥቅ ይፈልግና በአንድ በኩል ያመልጣል። ያኔ ስኒው ውስጥ ምሬትና ኮምጣጣነት አንድ ላይ ታገኛላችሁ፣ ለማመን ቢከብድም።

ከባሩ ይልቅ መታየት ያለበት ወንፊቱ ነው። ቡናው የሚቀመጥበትን የብረት ጣሳ ማለቴ ነው። ከእጀታው አውጡትና ወደ ብርሃን ያዙት። ከውስጥ ብዙ ቀዳዳ ኖሮት ከውጭ ግን መሀሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለችው ድርብ ግድግዳ ያለው ነው። ግፊቱን የምትፈጥረው ቡናው ሳይሆን ያቺ ቀዳዳ ናት። ከዚህ በፊት የነበረኝ ትንሽ ማሽን እንደዚያ ነበር። ምንም ዓይነት ዱቄት ብትጨምሩበት አናቱ ላይ አረፋ ያመጣል፤ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ክሬማ እያልኩ ስኮራበት ኖርኩ። ቀምሳችሁት ግን ቀጭን ነው፣ አረፋውም ወዲያው ይበተናል። ለጀማሪ መጥፎ ነው አልልም። ጥሩ መፍጫ ለሌለው ሰው እንዲያውም አዳኝ ነው። ቢያንስ ባለ ነጠላ ግድግዳ ወንፊትም የሚቀበል መሆኑን አረጋግጣችሁ ግዙ፣ አለበለዚያ እዚያው ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መፍጫ።

ሰው ሁሉ ሲነግረኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ገንዘቤን በሙሉ ማለት ይቻላል ማሽኑ ላይ ጨረስኩና ቤት የነበረውን ምላጭ ያለው መፍጫ ይዤ ቀጠልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሐዘን ነበሩ። ምላጩ ቡናውን አይፈጨውም፣ ይከትፈዋል። ግማሹ እንደ ዱቄት የላመ፣ ግማሹ ጠጠር። አንድ ቀን ውሃው በ8 ሰከንድ ተንዠቅዥቆ ይወርዳል፣ በማግስቱ ማሽኑ እያጓራ ጠብ አይልም። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ካርቶኑን ሁሉ ፈልጌ አውጥቼ ነበር።

ከዚያ ጓደኛዬ ባለ ጥርስ የእጅ መፍጫውን አዋሰኝ። ያው ቡና፣ ያው ማሽን፣ ያው ሰነፍ እጅ። 18 ግራም አስገባሁ፣ በ27 ሰከንድ 36 ግራም ወጣ፤ መጀመሪያ ጠቆር ብሎ እየተንጠባጠበ፣ ከዚያ እንደ ማር እየተሳበ። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት። በማግስቱ የራሴን አዘዝኩ። ቡና ሲፈጭ ጥርሱን በአንድ ነጥብ ማጥበቅ ብቻ ከ20 ሰከንድ ወደ 30 ያሻግራችኋል፤ ስለዚህ ነጥቦቹ የተቀራረቡ መሆናቸውን እዩ። በወረቀት ለሚጣራ ቡና የተሠራ መፍጫ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ በአንዱ ነጥብ ይፈሳል፣ በሚቀጥለው ይታፈናል፣ የምትፈልጉት መሀል ላይ የለም። ሚዛንም ግዙ፣ አንድ አሥረኛ ግራም የሚለይ። በማንኪያ መስፈር ቀልድ ነው።

(ቡናው የተቆላበትን ቀንም እዩ። በተቆላ ማግስት የፈጨሁት በጋዝ ተሞልቶ እንደ ሳሙና አረፋ ብቻ ሆነብኝ። አንድ ሳምንት ሲያርፍ ሌላ ነገር ሆነ።)

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ትልቁ ቅሬታዬ ጊዜ ነው። የዝግጁ መብራቱ በጥቂት ደቂቃ ይበራል፣ አትመኑት። ውሃው ሞቋል ማለት እንጂ ያ ሁሉ ብረት ሞቋል ማለት አይደለም። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ፣ እጀታው ቦታው ላይ እንደተገጠመ። እኔ በመጨረሻ ሰዓት የሚሞላ ሶኬት ገዝቼ ከመነሳቴ በፊት በራሱ እንዲበራ አደረግኩት። ይህን ሳላደርግ በፊት ጠዋት ጠዋት ኮምጣጣ ነገር እየጠጣሁ ነበር የምወጣው።

ሁለተኛው ወተት ነው። አንድ ቦይለር ማለት ቡና ለማውጣት ወደ 93 ዲግሪ፣ ለእንፋሎት ደግሞ ከ120 በላይ፣ ሁለቱን በየተራ እንጂ በአንዴ አይሆንም ማለት ነው። ቡናውን ታወጣላችሁ፣ የእንፋሎት ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ወተቱን ታሞቃላችሁ፣ ከዚያ ውሃ አፍስሳችሁ ቦይለሩን ታቀዘቅዛላችሁ፣ ካልሆነ ቀጣዩ ስኒ ያራል። ለራሴ ለአንድ ስኒ ምንም አይደለም። ባለፈው ግን ታላቅ እህቴ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መጣች፣ አራቱም ወተት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከሳሎን ድምጿ መጣ፦ «አንተ፣ አንድ እንቅልፍ ተኝቼ ልነሳ?» የመጀመሪያዋ እንግዳ ጠጥታ ጨርሳ አራተኛዋ ገና እየጠበቀች ነበር። ላቤን እየጠረግሁ ነው የጨረስኩት።

ስለዚህ ሠንጠረዤን ዛሬ ብሠራው የመጀመሪያው ዓምድ «በአንድ ቁጭታ ስንት የወተት ስኒ?» የሚል ይሆን ነበር። አንድ ወይም ሁለት ከሆነ የእኔ ዓይነት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሁለት ቦይለር ያለው፣ ወይም በእንፋሎቱ ቦይለር ውስጥ የቡናውን ውሃ በቱቦ አሳልፎ የሚያሞቀው ዓይነት ነው የሚያዋጣችሁ። እነሱ ትልልቅ ናቸው፣ ለመሞቅም አይቸኩሉም። ጠዋት ደቂቃ የሌላችሁ ደግሞ እንደ ብሬቪል ባምቢኖ ያሉትን፣ ውሃው ሲያልፍ በመንገድ ላይ የሚያሞቁትን እዩ። ኩባንያው በ3 ሰከንድ ይሞቃል ይላል። ወንፊቱ 54 ሚሊሜትር ነው፤ ለ58 የተሠራ መለዋወጫ አይገጥምለትም፣ ይህንን ካወቃችሁ ሌላው ቀላል ነው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። አምስተኛው ወር ላይ ቡናው መምረር ጀመረ። ቡናውን ቀየርኩ። አፈጫጨቱን ቀየርኩ። ውሃውን ቀየርኩ። ቡናውን እንደገና ቀየርኩ። አንድ ወር ሙሉ የቆላውን ሰው ስረግም ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ በስንት ጊዜዬ ከማሽኑ ራስ ሥር ያለችውን አንዲት ብሎን ፈታሁና ውሃ የምትረጨውን ወንፊት አወረድኳት። ከላይዋ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ የሞተር ዘይት የመሰለ ነገር ተጣብቆባታል። ሽታው ከሳምንት በፊት የተረሳ የሲጋራ መተርኮሻ። በየቀኑ የምጠጣው በዚያ ውስጥ አልፎ የመጣ ውሃ ነበር! ሙቅ ውሃና የማሽን ማጠቢያ ዱቄት ውስጥ ስነክራት ውሃው ወዲያው ቡናማ ሆነ። የዚያን ዕለት ከሰዓት ያወጣሁት ስኒ ምሬቱ ጠፍቶ ነበር። የቆላውን ሰው ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ ግን ደንበኛው ሆኛለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቀዳዳ የሌለውን ወንፊት ገጥሜ ማጠቢያውን ወደ ኋላ እገፋለሁ። ይህ የሚሠራው ግፊቱን የሚያስተነፍስ ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ላላቸው ማሽኖች ብቻ ነው፤ የእናንተ ከሌለው አትሞክሩት። ከቡና በኋላ እጀታውን ስታወጡት አተላው ደርቆ እንደ ብስኩት ከወደቀ አለው ማለት ነው። ውሃው ሲሞቅ ለሚያስቀረው ድንጋይ መሰል ቅርፊት ሲትሪክ አሲድ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀውን እጠቀማለሁ። ኮምጣጤ አንዴ ሞክሬ ሽታው ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ጎማዎቹንም አይወድም።

ሰባተኛው ወር ላይ በእጀታው ዙሪያ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ደነገጥኩ፣ ወደ ጥገና ልወስደው ነበር። ለካስ ጓርኒሲዮኑ ላይ፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ላይ፣ የተጣበቀ የቡና ፍርፋሪ ነው። በብሩሽ ጠረግሁት፣ ቆመ። ለሁለት ወር።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ጠብ ጠብ እያለ ነው። ጎማውን በጥፍሬ ስጫነው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ ስለዚህ በዚህኛው ብሩሽ አይበቃም። አዲሱ ጓርኒሲዮን ከመጣ አሥር ቀን ሆኖታል፣ ከመፍጫው ጎን ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። አሮጌውን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት ነው ያለው ሥራ፤ እሁድ እሞክረዋለሁ። እህቴ በበኩሏ የራሷን ልትገዛ ነው። ቶሎ የሚሞቀውን መረጠች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።