ፎክስ 40 ክላሲክ፦ ለጀማሪ የክለብ ዳኛ የሚሆን ፊሽካ?

ጎንደር ውስጥ የራሱን ዳኞች ማፍራት የጀመረ የእግር ኳስ ክለብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ዳኛ ማልያና ካርድ ነው። እነዚህ በውሰትም ይሞላሉ። ፊሽካ ግን አፍ የሚገባ ዕቃ ነው፤ አንዱን ለሦስት ሰልጣኝ ማዟዟር ለጤናም ለልምምድም አይሆንም። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይገዛ ከተባለ ፎክስ 40 ክላሲክ የሚያስቆጭ ዕቃ አይደለም።

ያመጣው ሮን ፎክስክሮፍት ራሱ የካናዳ የቅርጫት ኳስ ዳኛ ነበር፤ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ብልሃቱ ውስጡ የሚንከባለል ፍሬ አለመኖሩ ነው። ሦስት የአየር ክፍሎች አሉት፤ በጥቂቱ የሚለያዩት ድምፆቻቸው ተደራርበው ያን ስል ጩኸት ይፈጥራሉ። አምራቹ የድምፁን ጉልበት 115 ዴሲቤል ይለዋል። ባለ ፍሬው ፊሽካ በበጋ አቧራ ይገባበታል፣ በክረምት የቡሽ ፍሬው ዝናብና ምራቅ ጠጥቶ ያብጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጀማሪ አነፋፍ ነው። ሲደነግጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል፣ ፍሬው ይጣበቃል፣ ድምፁም ታፍኖ ይቀራል። ክላሲኩ በኃይል ሲነፉት ይጠነክራል እንጂ አይታፈንም።

ጉድለቱ ለስላሳ ትንፋሽ አለመውደዱ ነው። በፍርሃት ከተነፋ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ተጫዋቾችም ወዲያው ዳኛውን ከበው ይከራከራሉ። ትንፋሹ ከሆድ ይምጣ፣ በምላስ «ቱ» ተብሎ ይቆረጥ። ለተራ ጥፋት አጭር፣ ለከባድ ጥፋትና ለፍፁም ቅጣት ምት ረዘም ያለና ጠንካራ። ጣት የድምፅ መውጫውን ቀዳዳ ከደፈነውም ድምፁ ይጠፋል፤ ጀማሪዎች «ተበላሸ» ብለው የሚመልሱት ብዙ ጊዜ ይኸው ሆኖ ይገኛል።

ከአንገት ማሰሪያው ይልቅ ጣት ላይ የሚጠለቀውን መያዣ ይምረጡ። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ አፍ ውስጥ ይከርማል፤ አፍ ውስጥ ያለ ደግሞ ዓይን ሳያጣራ ይነፋል፣ አድቫንቴጅም (ጥፋት የተፈጸመበት ቡድን ጥቅም ካለው ጨዋታውን ማስቀጠል) ይገደላል። ከእጅ ወደ አፍ እስኪደርስ ያለችው ቅጽበት ለጀማሪ ትልቅ ትርፍ ናት።

ፊሽካው መቼ እንደማይነፋ ግን ዕቃው አያስተምርም። በእግር ኳስ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ባለው የዳኞች መመሪያ መሠረት ለግልጽ የእጅ ውርወራ፣ ለግብ ምት፣ ለማዕዘን ምትና ለጎል ፊሽካ አያስፈልግም። ለጨዋታ መጀመሪያ፣ ለቅጣት ምት ማስቆሚያ፣ ለፍፁም ቅጣት ምት ማስመቻ፣ ከካርድ፣ ከጉዳትና ከቅያሪ በኋላ ጨዋታ ለማስቀጠል ግን ግድ ነው። ፋሲለደስ ስታዲየም ጨዋታ ሲኖር ሰልጣኙ ደብተር ይዞ እያንዳንዱን ፊሽካ ከነምክንያቱና ከነርዝመቱ ይመዝግብ፤ ከክፍል ትምህርት ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ለማን ይገዛ? በጉዳት መጫወት ያቆመ ልጅ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፣ ተቀያሪ ወንበር ያሰለቸው ታዳጊ። መጀመሪያ ከ13 ዓመት በታች ጨዋታ ይስጡት፤ ከመስመር ውጭ ልምድ ያለው ዳኛ ይቁምለት፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ግን እርማት አይጩኽበት። ለሕፃናቱ የክላሲኩ ድምፅ ስለሚበዛ 90 ዴሲቤል የሆነው ፎክስ 40 ፐርል ይሻላል።

ጎን ለጎን ባሉ ሜዳዎች ሁለት ጨዋታ ከተያዘ ለአንዱ ክላሲክ፣ ለሌላው ፐርል ይስጡ። የጎረቤት ፊሽካ ጨዋታውን ካወከ ዳኛው አስቁሞ ኳሱን መሬት ጥሎ ማስጀመር አለበት፤ ይህ ሲደጋገም ጨዋታው ይበላሻል።

ሳምንት ሳምንት ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይታጠብ፣ አይቀቀል። ቅዳሜ ገበያም ሆነ ፒያሳ ሲገዙ ከአስመሳዩ ይጠንቀቁ፦ የመገጣጠሚያ መስመሩ ሸካራ ነው፣ ድምፁም ሳይደራረብ ነጠላ ሆኖ ይወጣል። ባለሱቁ አስነፍቶ ለመሸጥ ካንገራገረ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።