ሚስ ፊውሪ ወይስ ፋንቶማ? የጥንቶቹን የኮሚክ ጀግኒቶች ልትገዙ ላሰባችሁ

ብዙ ሰው የኮሚክ ጀግኒቶች በዎንደር ውማን የተጀመሩ ይመስለዋል። እሷ ግን ብቅ ያለችው እ.ኤ.አ. በ1941 መገባደጃ ነው፤ የቀደሟት አሉ። ከእነሱ ሁለቱ፣ ሚስ ፊውሪና ፋንቶማ፣ ዛሬ በመጽሐፍ ተሰብስበው ይሸጣሉ። ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንዷ ብቻ ከሆነ ሚስ ፊውሪን ግዙ።

ሚስ ፊውሪ በአሜሪካ የእሁድ ጋዜጦች ላይ መውጣት የጀመረችው ኤፕሪል 6 ቀን 1941 ነው። የሣለቻትም የጻፈቻትም ሴት ናት፤ ጁን ታርፔ ሚልስ። ሴትነቷ እንዳይታወቅ «ጁን» የሚለውን ስሟን ትታ ነበር የምትፈርመው። ባለታሪኳ ማርላ ድሬክ ለጭፈራ ግብዣ ልትሄድ ስትል ሌላ ሴት ያንኑ ልብስ እንደምትለብስ ትሰማለች፤ በንዴት ከአጎቷ የወረሰችውን የገሰላ ቆዳ ለብሳ ትወጣለች። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ መከራ አይለያትም። እኔን የያዘችኝ ግን ባላንጣዋ ባሮነስ ኤሪካ ናት፤ ግንባሯ ላይ የተተኮሰውን የናዚ ምልክት በፀጉሯ ሸፍና የምትዞር ሴት። እንዲህ ያለች ጠላት በዛሬዎቹ ኮሚኮችም በቀላሉ አትገኝም።

ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ቅጽ ከ1944 እስከ 1949 ያለውን ነው የያዘው። መጀመሪያው፣ የ1941–1944ቱ፣ የወጣው በ2013 ነው። ታሪኩ ከሳምንት ሳምንት የሚቀጥል ስለሆነ ከዚህኛው ጀምሩ።

ፋንቶማ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ፌብሩዋሪ 1940። ፍሌቸር ሃንክስ የፈጠራት የጫካ ጠባቂ ናት። ስትቆጣ ወርቃማ ፀጉሯ እንዳለ ሆኖ ፊቷ የራስ ቅል ይሆናል። ሥዕሉ ከዓይን አይጠፋም፤ ታሪኩ ግን አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ በክፉዎቹ ላይ የምታወርደው ቅጣትም ጭካኔ ስላለበት ለልጆች አልመርጠውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሃንክስ ሙሉ ስብስብ ውስጥ ደግሞ ስታርደስት የተባለው ወንድ ጀግና ሰፊ ቦታ ይዟል። ለፋንቶማ ብላችሁ የምትገዙት ከሆነ ይህን እወቁ። የቀድሞ እትሞቿ የባለቤትነት መብታቸው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማንበብ ይቻላል፤ መጀመሪያ እነሱን ሞክሩ።

የኋለኞቹ ጀግኖች ከየት እንደተቀዱ ማየት የሚፈልግ ሰው ፋንተም ሌዲ የተባለችውን ሌላ የዚያ ዘመን ጀግኒትም ይጨምር። የኮሚክ ጸሐፊው አለን ሙር «ዎችሜን» በተባለው ኮሚኩ ውስጥ ያለችውን ጀግኒት ሲልክ ስፔክተርን ሲቀርጽ ፋንተም ሌዲን እንዳሰበ ራሱ ተናግሯል። የ1940ዎቹ እትሞቿም እንደ ፋንቶማ በነፃ ይነበባሉ።